ለታይላንድ መነኮሳት የማለዳ ምጽዋት አሰጣጥ

ንብ አበባ ስትቀስም ቀለሙንም ሽታውንም አታጎድልም፤ መነኩሴም መንደር ሲገባ እንዲሁ ይሁን ይላል የቡድሃ ትምህርት። በታይላንድ በየማለዳው መነኮሳት ባዶ እግራቸውን ተሰልፈው ምግብ የሚቀበሉት በዚሁ ሥርዓት ነው። መነኩሴው ግን የመጣለትን ይቀበላል እንጂ አያማርጥም፤ ስለዚህ ልኩን መጠበቅ የሰጪው ሥራ ነው።

ለአንድ መነኩሴ አንድ ጭልፋ ሩዝ፣ በፌስታል የታሰረ ትንሽ ወጥና አንድ ሙዝ ይበቃል። ሁሉም የበሰለ ይሁን። ጥሬ ሩዝና ጥሬ ሥጋ መቀበል አይፈቀድለትም፤ የተቀበለውንም ከቀትር በፊት ይበላል እንጂ ለነገ አያሳድርም። በታይላንድ የመነኮሳት ውፍረትና የስኳር በሽታ የጤና ባለሙያዎችን አሳስቧል፤ አንዱ ምክንያት ምእመናን በደግነት የሚያበዙት የኮኮናት ወተት ወጥ፣ ጣፋጭና ለስላሳ ነው። ውኃ ይስጡ።

ሥጋ ከሰጡ ከገበያ የተገዛ ይሁን። መነኩሴው ለእሱ ተብሎ እንስሳ እንደታረደ ካየ፣ ከሰማ ወይም ከጠረጠረ አይበላውም። ሊበቅል የሚችል ዘር ማበላሸትም ስለተከለከለ ዘር ያለውን ፍሬ ቆራርጠው ዘሩን ያውጡለት። ሩዙ ደግሞ ለብ ይበል፤ ምጽዋት የሚቀበልበት ባለክዳን ሳህን ብረት ነው፣ የሚያቅፈውም በእጁ ነው። ከምድጃ የወረደ ትኩስ ሩዝ የሚያቃጥለው እሱን ነው።

መነኮሳቱ የሚወጡት የመዳፍ መስመር ለዓይን ሲለይ ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ። እንደ ቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ የሚጠራ የለም፤ ዝም ብለው ያልፋሉ። እንዲቆሙ ወንድ «ኒሞን ክራብ»፣ ሴት «ኒሞን ካ» ትላለች። ጫማ ያውልቁ። መነኩሴው ክዳኑን ሲያነሳ ሩዙን ሳይበትኑ፣ የሳህኑን ጠርዝም ሳይነኩ ያስገቡ። ሴት መነኩሴውን አትነካም፤ ጨርቅ ከዘረጋ እዚያ ላይ ታስቀምጣለች። ሳህን ውስጥ ብር መጨመር የተለመደ ቢሆንም ገንዘብ መቀበል በሕጋቸው ክልክል ነው፤ ይተዉት።

ገበያ ዳር አንድ ቦታ ተገትሮ የሚቀበል፣ የተቀበለውንም መልሳ እንድትሸጠው ለምግብ ሻጯ የሚመልስ ካዩ ይለፉት። እውነተኛው ይሄዳል። ሳህኑ እስከ አፉ ከሞላም ክዳኑን ይገጥማል፤ ያኔ በላዩ አይጫኑበት፣ ከኋላው ለሚመጣው ይስጡ።