ትልልቅ ዓሣ ጣርማበርን ሲሻገር

እናት ዓሣ፣ ማለትም ለዘር የሚሆን ትልቅ ዓሣ፣ ለመጫን የተነሳ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ መኪና ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ዓሣው መቼ እንደበላ ነው። ሆዱ የሞላ ዓሣ በመንገድ ላይ የሚያስወጣው ቆሻሻ ውሃውን ይበክላል፤ ምግብ ሲፈጭም ኦክስጅን አብዝቶ ይስባል። ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይጾማል። ሁዳዴን የሚጾም አገር ይህ ሊከብደው አይገባም።

የማመላልሰው ቆሮሶና አምባዛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰበታ ወደ ሸዋሮቢት፣ የጣርማበርን ተራራ ተሻግሮ። ዕቃው 1,000 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ሮቶ ነው፤ አይሱዙ ላይ በገመድ ይጠፈራል። ባለንብረቱ "ገና ቦታ አለው እኮ" ቢለኝም ከ100 ኪሎ በላይ ዓሣ አልጨምርበትም። 5 ኪሎ ጨው አሟሟበታለሁ። መረብ የሚያሙለጨልጭ ሽፋኑን የላጠው ዓሣ ውሃ ወደ ሰውነቱ እየሰረገ ያዳክመዋል፤ ጨው ይህን ጫና ያቀልለታል። ለቆሮሶ ሮቶውን እስከ አፉ እሞላዋለሁ፤ ጎደሎ ውሃ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ ላይ እየተላጋ ዓሣውን ከግድግዳ ጋር ያማታዋል። አምባዛ ግን ብቅ እያለ አየር ስለሚስብ ከላይ አንድ ስንዝር ክፍት ይተውለታል።

ትልቅ አምባዛ በጅራቱ ወይም በስንጥቡ አይነሳም። ሸራ ከሥሩ ውሃው ውስጥ ይዘረጋል፣ ዓይኑ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ያነሳዋል። ዓይኑ ሲጨልምበት መፈራገጡን ይቀንሳል። ሻርክ የሚያዛውሩትም በቃሬዛ የሚጠቀሙት በከንቱ አይደለም፤ ሻርክ የጎን አጥንት ስለሌለው ከውሃ ወጥቶ ሲንጠለጠል የገዛ ክብደቱ የውስጥ አካሉን ይጫነዋል። አንዳንዱ የሻርክ ዝርያ ደግሞ ካልዋኘ መተንፈስ አይሆንለትም። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያለው የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም (የዓሣ ማሳያ) ሰዎች አንድ ግልገል ነጭ ሻርክ ያጓጓዙት 11,000 ሊትር ገደማ በሚይዝ ተንቀሳቃሽ ገንዳ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአትላንታው አኳሪየም ከታይዋን የተወሰዱት ሁለት ዓሣ ነባሪ ሻርኮች በአውሮፕላን ነው የሄዱት። እኛ ጋ ያለው አይሱዙ ነው።

የእኛ መንገድ ክፋቱ ከፍታው ነው። ባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ይኸው ውሃ 6.5 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። በአየር መንፊያ ብቻ ሙሉ ጭነት ይዞ ጣርማበርን ማለፍ የማልስማማበት ለዚህ ነው። ኦክስጅን በሲሊንደር ይያዛል፤ በቀጭን ቱቦና ቀዳዳማ በሆነ የአየር ድንጋይ ከሮቶው ሥር በደቃቅ አረፋ ይለቀቃል። የሲሊንደሩን ማሰሪያ ዘይት ወይም ግራሶ በነካው እጅ አትንኩ፤ ንጹሕ ኦክስጅንና ቅባት ሲገናኙ እሳት ይነሳል። ረዳቱም እዚያ አካባቢ ሲጋራ አይለኩስ።

ጫጩት ዓሣ ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ የምትወስዱ ከሆነ ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። ሸዋሮቢት ላይ ተወጥሮ የታሰረ ላስቲክ ሽቅብ ጣርማበር ሲደርስ ውስጡ ያለው ጋዝ በሩብ ያህል ስለሚሰፋ ይፈነዳል። ለዘብ አድርጋችሁ እሰሩት። ትልቅ ቆሮሶን ግን በላስቲክ አትሞክሩ፤ የጀርባው እሾህ ይበሳዋል።

የምነሳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ የሸዋሮቢት ሙቀት ሳይበረታ ለመድረስ። ደብረ ብርሃን ላይ ሮቶው በሸራና በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፤ ቆሮሶ ብርድ አይችልም። እዚያው ቆሜ ክዳኑን እከፍታለሁ። ቆሮሶ አፉን ከፍቶ ከውሃው ፊት ላይ ከተኮለኮለ ኦክስጅን አንሶታል፤ የኦክስጅኑ ቧንቧ ከፈት ይደረግ። አምባዛ ብቅ ማለቱ ግን ልማዱ ነው፤ እሱን ስታዩ አትደንግጡ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ከማለፋችን በፊት የሲሊንደሩን መለኪያ ደግሜ አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጉሙና ቁልቁለቱ አያስቆምም።

ስትደርሱ አትቸኩሉ። የሮቶው ውሃ 18፣ የኩሬው 26 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ዓሣውን በቀጥታ መልቀቅ መግደል ነው። ከሮቶው ጥቂት እየቀዳችሁ ሜዳ ላይ ድፉ፣ በምትኩ የኩሬውን ውሃ ጨምሩ፤ ልዩነቱ እስኪጠብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፍጅ። የመጣበት ውሃ ኩሬው ውስጥ አይገባም፤ በሽታ ይዞ ሊሆን ይችላል። ዓሣውም አይወረወርም፤ ሸራው ውሃው ውስጥ ይጠልቃል፣ እሱ ራሱ ዋኝቶ ይወጣል።

በዚያ ቀን ምግብ አይሰጥም። በቀጣዮቹ ቀናት መረብ የላጠው ቦታ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ዓሣውን ለይታችሁ በሊትር 10 ግራም ጨው በገባበት ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ንከሩት፤ ወደ ጎኑ ካጋደለ ደቂቃው ባይሞላም አውጡት።