ብሪኬት ከሰል ለምትጀምሩ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሠራውን ይዞ መጣ። ከሳጋቱራ የተሠራ ብሪኬት ከሰል ነው፤ ብሪኬት ማለት ተረፈ ምርት ከስሎ፣ ደቆ፣ በማጣበቂያ ተጠቅጥቆ የሚሠራ ከሰል ነው። ጥሩ አድርጎ ጠቅጥቆታል። ደርቋል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ሸክላ ይጮኻል። ደስ አለኝ። ከዚያ ከረጢቱን ገልበጥ አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። «ጭስ አልባ። ለአካባቢም ለጤናም ተስማሚ። መኝታ ቤት ውስጥም መጠቀም ይቻላል።»

ደስታዬ እዚያው ጠፋ። ይህን ነገር ስንት ከረጢት ላይ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

«ጭስ የለውም» ማለት «አያፍንም» ማለት አይደለም

ከሰል ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው በጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባል ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰውየውን ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ድካም ድካም ይለዋል። ተኝቶ ከሆነ ደግሞ ሳያውቀው ይሞታል። ከሰሉ ከግራር ይሠራ፣ ከቡና ገለፈት ይሠራ ለውጥ የለውም። የሚነድ ከሰል ሁሉ ይህን ጋዝ ያወጣል። «በደንብ ከቀላ በኋላ አያፍንም» የሚባለውም ልክ አይደለም። የቀላው ፍምም ያወጣል።

እንዲያውም ጭስ አለመኖሩ አደጋውን ያባብሰዋል። ጭስ ሲኖር ሰው ያስለዋል፣ እንባው ይመጣል፣ ተነስቶ በር ይከፍታል። ጭስ ከሌለ በሩን እንደዘጋ ይተኛል።

እኔም ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶቼ ላይ «ጉዳት የሌለው» የሚል ቃል ነበረ። አንድ የሐምሌ ማታ ብርዱ ሲጠና አንዲት ደንበኛዬ ምድጃውን ልጆቿ ወደሚተኙበት ክፍል አስገባችው። ሌሊት ትንሿ ልጅ ራሴን አለች። አስመለሳት። እናትየው ውሃ ልትቀዳላት ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። እንደምንም ተጎትታ በሩን ከፈተችው። ተረፉ። ጠዋት ስትደውልልኝ ልትወቅሰኝ አልነበረም። «የእናንተ አያፍንም ብዬ ነው እኮ» አለችኝ። ይህን ስትለኝ የምመልስላት ቃል አጣሁ። እስከ ዛሬም የለኝም።

ስለዚህ ከረጢቱ ላይ በትልቁ ይህን ጻፉ፦ «በርና መስኮት ሳይከፍቱ አይጠቀሙ። ከሰል ባለበት ክፍል አይተኙ።» በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በምትሸጡበት አካባቢ ቋንቋ ጻፉት። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ጨምሩበት። ስትሸጡም በአፋችሁ ንገሩ። ገዢ ይሸሽብናል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ማስጠንቀቂያውን ከጨመርኩ ወዲህ በእሱ ምክንያት የሄደብኝ ደንበኛ የለም።

ያ ወጣት 400 ከረጢት አሳትሞ ነበር። ማርከር ገዝተን ያችን መስመር ስንሰርዝ አመሸን።

ዛፍ እያዳኑ ጎረቤት ማጨስ

ይህ ሥራ ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። በአፈር ተቀብሮ በሚከስል ባህላዊ ከሰል 1 ኪሎ ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። ግን ገለፈቱን ለማክሰል በርሜል ውስጥ ከትታችሁ ጭሱን ዝም ብላችሁ ወደ ሰማይ ከለቀቃችሁት እናንተም አየሩን እየበከላችሁ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ ሚቴን አለ። ሚቴን ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው። የጎረቤትም ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ ይጠቁራል፤ ሕፃናት ያስላሉ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የሚወጣው ጋዝ ራሱ ይነድዳል። በቧንቧ ወደ በርሜሉ ሥር መልሳችሁ አቃጥሉት፤ በርሜሉን ያሞቅላችኋል፣ የማገዶ ወጪም ይቀንሳል። ጎበዝ በያጅ በሁለት ቀን ይሠራዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት ጎረቤቶቼ ወረዳ ከከሰሱኝ በኋላ ነው። ልክ ነበሩ።

በዚያው ላይ፣ በርሜሉ ሳይበርድ አትክፈቱ። አየር እንደገባ ይቀጣጠልና የሚተርፋችሁ አመድ ብቻ ነው። ክዳኑን በጭቃ ምረጉትና ይደር።

«ቆሻሻ ነው፣ በነፃ ነው»

አንድም ነገር በነፃ አይደለም። ደረቅ ቡና ሲፈለፈል ግማሽ ያህሉ ክብደት ገለፈት ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ መፈልፈያው በር ላይ ተራራ የሚያህል ክምር ታያላችሁ። ባለቤቱም መጀመሪያ «ኧረ ውሰዱልኝ» ይላል። ማሽን ገዝታችሁ፣ ሠራተኛ ቀጥራችሁ፣ ሁለት ጊዜ ስትመላለሱ ሲያያችሁ ዋጋ ያወጣለታል። ሰውየው አልበደላችሁም። ንብረቱ ነው። ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት በጽሑፍ ተዋዋሉ። ቡና ደግሞ ወቅት አለው፤ ዓመቱን ሙሉ አይፈለፈልም። ለቀሪዎቹ ወራት የሚሆን መጋዘን ወይም ሌላ ጥሬ ዕቃ ያስፈልጋችኋል።

ገለፈት ቀላል ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይሱዙው እስከ አፉ ሞልቶ የያዘው ክብደት ግን ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የከፈልኩት የመኪና ኪራይ ትርፌን በላው። ያቃጠልነው ናፍጣም የተነሳንበትን ዓላማ በላው። እዚያው ገለፈቱ ባለበት አክስሉት። ሲከስል ክብደቱ ወደ ሩብ ወይም ወደ ሲሶ ይወርዳል። ከዚያ ጫኑ።

እምቦጭም የብዙዎች ሕልም ነው። ጣናን አድነን ከሰል እንሥራ የሚሉ ልጆች ሲመጡ ልቤ ይራራል። ግን 100 ኪሎ እምቦጭ ብታወጡ ከ90 ኪሎ በላዩ ውሃ ነው። ዳር ላይ አድርቃችሁ ካልተነሳችሁ በስተቀር የምትጭኑት ሐይቁን ነው። የፎገራ ሩዝ ቅርፊትስ? ይከስላል፤ ግን ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ አመድ ነው። ለብቻው አያዋጣም፤ ከሌላ ጋር ቀላቅሉት። የበቆሎ አገዳና የጤፍ ጭድ ደግሞ የከብት ቀለብ ነው። ያንን ገዝታችሁ ስታከስሉ ከላም አፍ እየነጠቃችሁ ነው፤ እሱን ለቀቅ አድርጉት።

ለደንበኛው ዛፍ መሸጥ

ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት እህት ዘንድ ምርቴን ይዤ ሄድኩ። ስለ ደን፣ ስለ አየር ንብረት ብዙ ነገርኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። አምስት ብሪኬት ምድጃው ላይ ደረደረችና በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ጀመረች። አልያዝ አለ። ስታጠነክርበት ጭስ ተነሳ፤ ያጣበቅኩበት የሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ዝቃጭ) ሽታ ያለው ጭስ። በርጩማ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ዓይናቸውን እያሹ ራቅ አሉ። አንዱ ሒሳቡን አስቀምጦ ሄደ። እሷ ብሪኬቶቼን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አውርዳ መሬት ላይ ደረደረቻቸው። ከጎረቤት ሱቅ ከሰል አስመጣች። «ወንድሜ፣ ዛፉ እኔንም ያሳዝነኛል። ግን ሰዎቼ ተነሱ» አለችኝ።

ደንበኛ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቶሎ ይያያዛል? ፍሙ ይቆያል? አመዱ ይበዛል? ለእነዚህ መልስ ሳይኖራችሁ ገበያ አትውጡ። እንደ ማጣበቂያ ሞላሰስ የምትጠቀሙ ከሆነ አሳንሱት፤ ወይም ምርቱን በሙቀት አብስሉት። ስታርች ይሻላል። የብሪኬቱ መሐል ቀዳዳ ይኑረው፤ አየር ካልገባበት አይያያዝም። የሸክላ አፈር አብዝታችሁ ክብደት የምታስጨምሩ ደግሞ ተዉ። አፈር አይነድም። አመዱ «ላቀች» የሚባለውን የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ቀዳዳ ይደፍንና ጠቅላላ ሥራችንን ያሰድባል።

ብሪኬት በባሕርይው ቀስ ብሎ ይያያዛል፤ ከተያያዘ ግን ይቆያል። ስለዚህ ፈጣን እሳት ለሚፈልግ ሰው አትግፉት። ሽሮ ቤቶች፣ ወጥ ቀኑን ሙሉ ሞቆ እንዲቆይ የሚፈልጉ ምግብ ቤቶች፣ የእናንተ ሰዎች እነሱ ናቸው። ያቺ እህት ከዓመት በኋላ ደንበኛዬ ሆናለች፤ በጥቂት እንጨት ከሰል ታያይዝና የእኔን ከላይ ትጨምራለች። ዘዴው የራሷ ነው። አሁን ለሁሉም ሰው የማሳየው እሱን ነው።

ትንንሾቹ

የመጀመሪያ ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ የካርቦን ሽያጭ ገቢ፣ ማለትም ብክለት ስለቀነሳችሁ የሚከፈላችሁን ገንዘብ፣ አትጻፉ። ማስለካቱና ማስመርመሩ ብቻ ከእናንተ አቅም በላይ ያስወጣል።

ከውድድር ወደ ውድድር እየዞራችሁ ሽልማት አትልቀሙ። መድረክ ላይ ስትቆሙ ማሽኑ ቆሟል።

ሚዛን ግዙ። በማዳበሪያ በዓይን ግምት የሸጣችሁት ብሪኬት ከተራው ከሰል ስለሚከብድ የምትከስሩት እናንተ ናችሁ።

የሠራተኞቻችሁን አፍና አፍንጫ ሸፍኑ። የከሰል ዱቄት ሳንባ ውስጥ ይገባል። ይህን በእነሱ ደመወዝ ላይ እንደሚጨመር ወጪ አትዩት።

ክረምትን ደግሞ አትርሱ። በጥር በአምስት ቀን የሚደርቀው በሐምሌ ሦስት ሳምንት ቆይቶም መሐሉ እርጥብ ነው፤ ይሻግታል፣ ይፈርሳል። ላስቲክ የለበሰ፣ በሁለት በኩል ነፋስ የሚያስገባ ዳስ ሥሩ፤ ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ ቆጥ ላይ ዘርጉት። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ሰብራችሁ መሐሉን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት። ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ትዕዛዝ የቱንም ያህል ቢያጣድፋችሁ እሱን አትጫኑት።