የጨው ውሃ መብራት ያበራል፣ የስኳር ውሃ ግን አያበራም፦ ሙከራው እንዴት ይሠራል?

ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚያስተላልፈው በውስጡ የሟሟው ነገር ነው፤ ያም ቢሆን የሟሟ ሁሉ አያስተላልፍም።

9 ቮልት ባትሪ፣ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሿ መብራት)፣ 470 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪኩ እንዳይበዛ የሚገድብ)፣ ሽቦ፣ ናስትሮና ሁለት እርሳስ ያዘጋጁ። ኤልኢዲውንና ሬዚስተሩን ጎንደር ውስጥ ሬዲዮና ሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ይጠይቁ፤ ከተበላሸ ሬዲዮ የተነቀለም ይሠራል። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ደግሞ የባትሪ ውሃ (ጨዎቹ የወጡለት ንጹህ ውሃ) ይግዙ፤ አሲድ እንዳይሰጡዎት ጠርሙሱን ያንብቡ።

እርሳሶቹን በሁለቱም ጫፍ ይቅረጹና ካርቶን ላይ 2 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ይሰኩ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከሬዚስተሩ፣ ሬዚስተሩን ከኤልኢዲው ረጅም እግር፣ አጭሩን እግር ከአንዱ እርሳስ፣ ሌላውን እርሳስ ከኔጋቲቩ ያገናኙ። የታችኛዎቹን ጫፎች በብረት ማንኪያ አገናኝተው ይፈትሹ። ካልበራ ወይ ኤልኢዲው ተገልብጧል፣ ወይ ሽቦው የነካው የእርሳሱን ጥቁር ክፍል ሳይሆን እንጨቱን ነው። በእርሳስ ፈንታ ሚስማር ወይም የመዳብ ሽቦ አይጠቀሙ፤ እነሱ ራሳቸው እየሟሙ ውጤቱን ያበላሻሉ።

ካርቶኑን 200 ሚሊ ሊትር የባትሪ ውሃ በያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ ያስቀምጡ፤ ጫፎቹ ውሃው ውስጥ ይግቡ። አይበራም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምሩ፤ አሁንም አይበራም። ብርጭቆውን አጥበው በአዲስ የባትሪ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሲያሟሙ ግን ቦግ ይላል። ማንኪያው የተለየ ይሁን፤ ስኳር ውሃ "በራ" የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጨው የነካ ማንኪያ ነው ያታለላቸው።

ጨው ሲሟሟ ሶዲየምና ክሎራይድ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) ተለያይተው እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሶዲየሙ ወደ ኔጋቲቩ፣ ክሎራይዱ ወደ ፖዘቲቩ። ደረቅ ጨው ውስጥም አዮኖቹ አሉ፣ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ስለዚህ አያበራም። የስኳር ሞለኪውል ቻርጅ የለውም፣ ሲሟሟም አይከፈልም። ኮምጣጤ መሃል ላይ ነው፦ ከመቶ ሞለኪውል አንዱ እንኳ ስለማይከፈል መብራቱ ደብዘዝ ይላል።

የጎንደሩ የአንገረብ ግድብም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ከድንጋይና ከአፈር ያሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለው በመጠኑ ያበራል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ጨዎቹን አጥርቶ አያወጣም።

በጨው ውሃው የፖዘቲቩ እርሳስ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ክሎሪን ነው። መስኮት ይክፈቱ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይም አያቆዩት። የግድግዳ ሶኬት፣ 220 ቮልት፣ በምንም ምክንያት ለዚህ አይሞከርም።

መጠኑን በቁጥር ማወቅ ከፈለጉ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በሚሊ አምፔር አድርገው ከአንዱ ሽቦ ጋር በተከታታይ ያስገቡ። በኦም መለኪያው አይሞክሩ፤ ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ እርሳሶቹ ዙሪያ አረፋና አዮን ይከማችና ቁጥሩ አልረጋ ይላል። የላቦራቶሪ መለኪያዎች አቅጣጫውን በሚቀያይር ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ለዚሁ ነው።