አሮጌ እቃ ቤት የዶሮ ቤት ሲሆን የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጎጃም ውስጥ ግቢ ያለው ሰው አንድ አሮጌ እቃ ቤት አያጣም። ድሮ እህል ወይም ከሰል ይቀመጥበት ነበር። ዛሬ የተሰበረ ወንበርና ባዶ ማዳበሪያ ሞልቶታል። እኛም ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች የጭቃ ቤት ነበረችን። አጸዳናት፣ ቆጥ ሠራን፣ 80 ቄቦች አስገባን።

በሁለተኛው ወር ማስነጠስ ጀመሩ። መድኃኒት ገዛን፣ ተሻላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰባቸው። እንደገና ገዛን። ብዙ ብር ካወጣን በኋላ ነው ነገሩ የገባን፤ ጥፋቱ የቤቱ ነበር። እቃ ቤት የሚሠራው ንፋስ እንዳይገባበት ተብሎ ነው። ለእህል ጥሩ ነው። ዶሮ ግን ሌሊቱን ሙሉ ትተነፍሳለች፣ ኩሷም እርጥብ ነው። ያ ሁሉ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ሰው "ዶሮዎቼ ታመሙብኝ" ብሎ ሲጠራኝ ከዶሮዎቹ በፊት የማየው ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና ወለሉን ነው።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ፣ ማስነጠስ፣ የሚያለቅስ ዓይን

መንስኤው ብዙ ጊዜ አሞኒያ ነው። ኩስና እርጥበት ሲገናኙ የሚወጣ ጋዝ ነው። የዶሮዋን መተንፈሻ ያቆስላል፣ በቆሰለው በኩል ደግሞ ሌላ በሽታ ይገባል። መድኃኒቱ ለጊዜው የሚያሽለውና የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ቆማችሁ አታሽቱ። ቁጢጥ በሉ፣ አፍንጫችሁን ዶሮዋ ጭንቅላት ቁመት ላይ አድርሱና ተንፍሱ። እዚያ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ እነሱ 24 ሰዓት እዚያው ናቸው።

መፍትሄው ከጣሪያው ስር ነው። በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች የላይኛውን 50 ሳንቲሜትር ያህል ክፈቱ። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ጭቃውን ብቻ አራግፋችሁ ማገሩን ተዉት። ማገሩ ራሱ የሽቦ ወንፊት መምቻ ይሆናችኋል። ክፍተቱ ከቆጡ በላይ መሆን አለበት። ዝናብ አግድም እንዳይመታ የጣሪያውን ክፈፍ ወደ ውጭ አስረዝሙት።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው "ብርዱስ?" ይለኛል። ልክ ነው፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። እንጅባራና ጮቄ አካባቢማ አይነሳ። ግን ላባ ያበቀለች ዶሮ ደረቅ ብርድ ትችላለች። የማትችለው እርጥበትንና በቀጥታ ጀርባዋን የሚመታ ንፋስን ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ሰፍታችሁ መጋረጃ አድርጉ። ግን ከታች ወደ ላይ የሚዘጋ ይሁን። በጣም በሚበርድበት ሌሊትም ቢሆን ከጣሪያው ስር አንድ ስንዝር ክፍት ይደር። ጫጩቶች ግን ሌላ ናቸው፤ ላባ እስኪያበቅሉ ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል።

ቁጥሩንም ተመልከቱ። ጉዝጓዝ ላይ ለሚኖሩ እንቁላል ጣዮች በ1 ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ይበቃል። የእኛ 12 ካሬ ሜትር ነበረች። 80 አስገብተን 60 ስናደርጋቸው ለውጡን በሳምንቱ አየነው። መነካከሱም አብሮ ቀነሰ።

ጉዝጓዙ በተቀየረ በሦስት ቀኑ ይርሳል

የት እንደሚርስ አይታችሁ መንስኤውን ማወቅ ትችላላችሁ። ግድግዳ ጥግ ከራሰ ውሃው ከመሬት ነው የሚገባው። እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ከራሰ ጣሪያው ያፈሳል። መጠጫው ዙሪያ ብቻ ከሆነ መጠጫው ነው።

ለጣሪያው እንዲህ አድርጉ። ፀሐይ በጠራራበት እኩለ ቀን ገብታችሁ በሩን ዝጉ፣ ክፍተቶቹን ሸፍኑ። ቀና በሉ። አሮጌ ቆርቆሮ ላይ እንደ ከዋክብት ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች ታያላችሁ። አብዛኞቹ የድሮ ሚስማር ቀዳዳዎች ናቸው። አሮጌውን ሚስማር ነቅላችሁ፣ ከከመነዳሪ የብር ሳንቲም የሚያክል ክብ ቆርጣችሁ ከራሱ ስር አድርጉና ወፈር ባለ ሚስማር ምቱት። ይህን ከሰኔ በፊት ጨርሱ። ክረምት ከገባ ጣሪያ ላይ መውጣትም ያንሸራትታል።

ከመሬት ለሚመጣው ውሃ በዳገቱ በኩል ቦይ ቆፍሩ፣ ወለሉንም በድንጋይና በጠጠር ቢያንስ አንድ ስንዝር ከውጭው መሬት ከፍ አድርጉት። መጠጫውን በዶሮዋ ጀርባ ቁመት ልክ ብሎኬት ላይ አስቀምጡት።

ጉዝጓዙ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይወፍር። ሰጋቱራ ጥሩ ነው። የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ይነጠፋል። በየሁለት ቀኑ በመንሽ መገልበጥ አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ልቀቁ። እንደ ድቡልቡል ከቀረ እርጥብ ነው። ከተበተነ ደህና ነው።

ኩሱ ውስጥ ደም ካያችሁ ግን ማድረቅ ብቻውን አይበቃም። ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ይስማማዋል። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቆጥ ላይ መውጣት እምቢ ይላሉ፣ ፊታቸው ገርጥቷል፣ እንቁላል ቀንሷል

ቀን ላባቸውን ገልጣችሁ ብታዩ ምንም የለም። መንስኤው የሚወጣው ማታ ነው። ቅንቅን ቀኑን በግድግዳ ስንጥቅና በቆጡ መጋጠሚያ ተደብቆ ይውላል። አሮጌ የጭቃ ቤት ደግሞ ስንጥቅ በስንጥቅ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በስልክ መብራት ግቡ። ነጭ ጨርቅ በቆጡ ታችኛ ጎን ላይ አሻሹበት። ጨርቁ ላይ ቀይ የደም መስመር ከቀረ አገኛችሁት። የፈነዳው ቅንቅን የጠጣው የዶሯችሁ ደም ነው።

ቆጦቹን ነቅላችሁ አውጡ። የፈላ ውሃ አፍስሱባቸው፣ ፀሐይ ላይ አስጧቸው። ቅርፊት ያለበት ባህር ዛፍ ከሆነ ልጡን ላጡት፤ መደበቂያው እሱ ነው። የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ መርጋችሁ ኖራ ቀቡት። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ድገሙት። ያልተፈለፈለው እንቁላል ስለሚቀር አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ድካም ነው። አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ በሰፊ ገበታ አስቀምጡላቸው፤ ራሳቸው ይታጠቡበታል። የሰብል ተባይ መድኃኒት ግን ዶሮ ላይ እንዳትረጩ። ለዶሮ የተፈቀደውን ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ጠይቁ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆጥ ላይ የሚቀባም አለ። እግራቸውና ላባቸው ላይ ይለጠፋል፣ መርዝም ነው። እኔ አልመክርም።

ጠዋት ላይ የተገደለች ዶሮ

ሸለምጥማጥ ነው የሚሆነው። አንገት ይይዛል፣ ከገባ ብዙ ሊገድል ይችላል። ጠባብ ቀዳዳ ይበቃዋል። ጭንቅላቱ ካለፈ ሰውነቱ ያልፋል። ሽቦውን በታጠፈ ሚስማር ብቻ ከመታችሁት ገፍቶ ይገነጥለዋል። በሽቦው ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ደርባችሁ ምቱ። የጭቃ ግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን ድንጋይ ይቀበር፣ 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይበቃል። ከበሩ ስር ያለውን ክፍተት ደግሞ እጃችሁን አስገብታችሁ ሞክሩት። እኛን ያስበላን እሱ ነው። ግድግዳውን ሁሉ አጠናክረን ደፉን ረስተነው ሰባት ዶሮ በአንድ ሌሊት አጣን።

እንቁላል ቀንሷል፣ ዶሮዎቹ ግን ጤነኛ ናቸው

ጨለማ ነው። የእኛ አገር ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ጣዮች ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋሉ። መስኮት የሌለው እቃ ቤት ደግሞ ያለውንም ይቀንሳል። ጣሪያው ላይ አንድ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ቆርቆሮ አስገቡ፣ ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት አምፖል አብሩ። ሰዓቱ በየቀኑ አይለዋወጥ። ለአንዲት ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ መድረሱንም አረጋግጡ።

ወለል ላይ ከጣሉ ለ5 ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን፣ ጨለም ባለ ጥግ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ።

አልፎ አልፎ አንዲት ዶሮ ያለ ምክንያት ትሞታለች

እቃ ቤቱ ድሮ ምን ነበረበት? ዶሮ የሚያብረቀርቅ ነገር አታልፍም። ትንሽ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ሁሉንም ትውጣለች። እኛ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጥተን በገመድ አስረን ወለሉን ጎተትነው። አንድ ጣሳ ሙሉ ወጣ። ቡሬና መርዓዊ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ የተረፈ የበቆሎ ምርጥ ዘር ወለል ላይ እንዳይኖር። በመድኃኒት ስለታሸ ነው ቀለም የተቀባው። ዩሪያ ወይም የነቀዝ መድኃኒት የተቀመጠበት ከሆነም የላይኛውን አፈር አንድ ስንዝር ያህል ዝቃችሁ አውጡና አዲስ ሙሉበት።

ቤቱ ንጹህ ነው፣ ግን በአንድ ሳምንት ብዙዎቹ አለቁ

አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጣመመ አንገት፣ የወደቀ ክንፍ ካያችሁ ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህ ከቤቱ አይደለም፣ መድኃኒትም የለውም። ያለው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል። በዓይን የሚንጠባጠበው ዓይነት ለገጠር ይመቻል። የመጨረሻውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ በበሩ ላይ በጠመኔ ጻፉት። ፈንግል ከገባ የሞቱትን ቅበሩ፣ የቀሩትን ገበያ አታውጡ። ከገበያ የመጣችን ዶሮም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ። ጉዝጓዙን አውጥታችሁ አቃጥሉ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ ቤቱንም ከአንድ ወር በላይ ባዶውን ተዉት። አዲሶቹን ቄቦች የምታስገቡት ከዚያ በኋላ ነው፣ እነሱንም አስከትባችሁ።