የሮማ ጦር የአንድ ሌሊት ምሽግ እንዴት ነበር ሚሰራው

የሮማ ጦር ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ ማታ ሜዳ ላይ ዝም ብሎ አይተኛም፣ ለአንድ ሌሊት ለማደርም ቢሆን ምሽግ ይሰራል። ፕላኑን መሳል ወይ ሞዴሉን መስራት ለምትፈልጉ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀያሾች ከጦሩ ቀድመው ይሄዳሉ። ውሃና ማገዶ ቅርብ የሆነበት ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ይመርጣሉ፣ ጫካ ስር ግን አይሰፍሩም ምክንያቱም ጠላት ተደብቆ ሊጠጋቸው ይችላል። የጦር አዛዡ ድንኳን ሚተከልበት ላይ ነጭ ባንዲራ ያቆማሉ፣ ሌላው ሁሉ ከዛ ተነስቶ ነው ሚለካው። መሳሪያቸው ግሮማ ይባላል፣ እንጨት ላይ መስቀለኛ ነገር ተደርጎ ከአራቱም ጫፍ ቱንቢ ይንጠለጠልበታል፣ መንገዱን በማዕዘን ሚያወጡት በሱ ነው። ስለዚህ እናንተም ስትስሉ ከመሀል ጀምሩ። ቅርፁ አራት ማዕዘን ነው፣ በሩ አብዛኛውን ጊዜ አራት።

ከዛ ቁፋሮ። ጉድባው ወደታች እየጠበበ ይሄዳል፣ ስጋት ከሌለ 1 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይበቃል፣ አፈሩ ወደ ውስጥ ይከመርና ግንብ ይሆናል፣ ወታደሩ ይዞት የመጣው የሾለ እንጨት ደሞ አናቱ ላይ ይተከላል። ጠላት ቅርብ ከሆነ ግማሹ ይቆፍራል ግማሹ ታጥቆ ይቆማል።

ብዙ ሰው ስዕል ላይ ሚረሳት ነገር አለች፣ እኔ በጣም ምወዳት እሷን ነው። ከግንቡ እስከ ድንኳኖቹ ድረስ 60 ሜትር ገደማ ባዶ ይተዋል። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ፀሀፊ ፖሊቢየስ እንደፃፈው ከውጪ ሚወረወር ጦርም እሳትም ድንኳኑ ጋ አይደርስም፣ የተማረከ ከብት እዛ ያድራል፣ ጦሩም ሳይጋፋ ወጥቶ ይሰለፋል። እሷን ከዘለላችሁ ፕላኑ ትክክል አይሆንም።

ድንኳኑ የቆዳ ነው፣ 8 ሰው ይተኛበታል፣ ጭነቱን በቅሎ ትሸከምላቸዋለች። የጋራ ምግብ ቤት ሚባል ነገር የለም፣ ስምንቱ ስንዴያቸውን በእጅ ወፍጮ ፈጭተው ዳቦ ወይ ገንፎ ራሳቸው ይሰራሉ።

ሌሊቱ ለአራት ተረኛ ይከፈላል። የይለፍ ቃሉ እንጨት ላይ ተፅፎ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞርና ወደ ሰጠው መኮንን ይመለሳል፣ አንዱ ካልተመለሰ የት ጋ እንደቀረ ወዲያው ይታወቃል። ጥበቃ ላይ ተኝቶ የተገኘን ጓደኞቹ ራሳቸው ደብድበው ይገሉታል፣ የሁሉም ህይወት በሱ እጅ ነበራ።

እስራኤል ያላችሁ ማሳዳ የሚባለው የተራራ ምሽግ ጫፍ ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ፣ እኤአ በ73 ገደማ ሮማውያን ምሽጉን ሲከቡ የሰሯቸው 8 ካምፖች ቅርፃቸው እስካሁን በግልፅ ይታያል። እነዚህ ግን ለአንድ ሌሊት አልነበሩም፣ ለዛ ነው በድንጋይ የታጠሩት።

ሲነጋ፣ የጥንቱ አይሁዳዊ የታሪክ ፀሀፊ ጆሴፈስ እንደሚለው፣ መለከት ይነፋል። በመጀመሪያው ድንኳን ይነቀላል፣ በሁለተኛው በቅሎ ይጫናል፣ ጠላት እንዳይጠቀምበትም ምሽጉን ያቃጥሉታል፣ በሶስተኛው ሰልፍ ይዘው ይወጣሉ።