ሁለት ወር የሠራችሁበትን አትደብቁት

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ሲቪዋን ይዛ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ ቤቴ መጣች። ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያለው ዲግሪዋና አንድ ሥራ ብቻ ነው።

"ሌላ አልሠራሽም እንዴ?"

"ኧረ ሠርቻለሁ እትዬ። ሁለት ሁለት ወር ስለሆነ አፍሬ ነው የተውኩት።"

አንጀቴን በላችው። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት።

ባሕር ዳር ላይ ፕሮጀክት ይመጣል፣ ዳታ ሰብሳቢ ይቀጠራል፣ ያልቃል። ማንም አላባረራችሁም። ቀጣሪው ግን ካልጻፋችሁለት በምን ያውቃል? ከሥራ መደቡ ጎን "ኮንትራት፣ 2 ወር" በሉ። "ለምን ለቀቀች?" ብሎ ሳይጠረጥር መልሱን ያገኛል።

ተመሳሳይ ሥራዎችን ባንድ ርዕስ ሥር ሰብስቡ። ልጅቷ ፎገራ የሩዝ ገበሬዎችን፣ ደምቢያ እምቦጭ ያስቸገራቸውን ቀበሌዎች ስትጠይቅ ከርማለች። "መረጃ ሰብሳቢ፣ በኮንትራት፣ ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም." ብለን ከሥሩ ቀጣሪዎቹንና ወራቱን ዘረዘርን። ሥራ ያልነበረበትን ወር ግን አትሙሉት፤ ውሸት ነው፣ ሲጣራም ይታወቃል።

"መረጃ ሰበሰብኩ" ብቻ አይበቃም። ስንት ቤት? በምን? እሷ ፎገራ ላይ በክረምት፣ ጭቃ እየረገጠች፣ 140 አባወራና እማወራ በታብሌት፣ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ፣ በ24 ቀን ጠይቃ ጨርሳለች። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በራ። "እሱን ነው የምትጽፊው" አልኳት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤን ነገር አደራ። እኔ አንድ ፕሮጀክት ላይ 5 ወር ሠርቼ "በኋላ እወስዳለሁ" ብዬ ተውኩት። ስመለስ ቢሮው ተዘግቷል፤ አስተባባሪው ስልክ አያነሳም። አምስቱ ወር ያለ ማስረጃ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የመጨረሻዋን ክፍያ ስትፈርሙ እዚያው ጠይቁ። "የኮንትራት ጊዜው ስላበቃ" የሚል ቃልም እንዲገባበት ለምኑ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ደብዳቤው በእኛ አቆጣጠር፣ ሲቪው በፈረንጅ ከሆነ ቀኖቹ የተጣሉ ይመስላሉ። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ።

ልጅቷ ሁለት ደብዳቤ ይጎድላታል። ማክሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ ፎገራዋ ከተማ ወረታ ሄዳለች።