የኮድ ማብራሪያ ግዴታ የሚሆነው የት ነው?

በጋራ በሚሠራ ፕሮጀክት ላይ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ማብራሪያ (ኮሜንት፣ ማለትም ኮዱን ለሚያነብ ሰው የሚጻፍ ማስታወሻ) ይኑረው የሚል ደንብ አያውጡ፤ ሰው ግዴታውን ለመወጣት ሲል ኮዱ ራሱ የሚናገረውን ይደግማል፣ ኮዱ ሲቀየርም ማብራሪያው ባለበት ይቀራል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የኮድ አጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 ከኮዱ ጋር የሚጋጭ ማብራሪያ ከነጭራሹ ካለመኖሩ የከፋ ነው ይላል።

ግዴታው ምክንያቱ ከኮዱ በማይነበብበት ቦታ ይሁን። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ ኮድ ውስጥ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 መትረፉን የሚፈትሽ መስመር አጠገብ «ቀሪው 3 ከሆነ» ብሎ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው፤ «በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፣ ለምሳሌ በ2015» የሚለው ግን የፈረንጆቹን ስሌት የለመደ ባልደረባ ቁጥሩን ወደ 0 «እንዳያርመው» ይጠብቃል።

ባልደረቦች ኮዱን በሚገመግሙበት ወቅት «ይህ ለምን?» የሚል ጥያቄ ከተነሣ፣ ጸሐፊው መልሱን በውይይቱ ላይ ሳይሆን በኮዱ ውስጥ እንዲያሰፍር ይጠይቁት።